ባሌስትራ፣ ሞላና አሞርዛተር በጎጃም መንገድ

ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከመዲናዋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ የሚታረስበት ደጋና ወይና ደጋ ስለሆነ፣ መኪና ወደ አገሩ ከዘለቀ ጊዜ ጀምሮ በከተማዋ የሚያልፈው ተሽከርካሪ አብዛኛው እህል፣ ማዳበሪያ፣ ጨውና ሰው የጫነ ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የመኪናን ዕድሜ የሚወስነው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን፣ ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘውና በዘመኑ አነጋገር ሰስፔንሽን የሚባለው ክፍል ጭምር ነው። ይህ ክፍል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት፤ አንደኛው የመኪናውንና የጭነቱን ክብደት ተሸክሞ መተጣጠፍ ሲሆን፣ ይህን የሚሠራው ባሌስትራ ወይም ሞላ ነው፤ ሁለተኛው የተጣጠፈው ብረት ሲመለስ የሚያመጣውን ተደጋጋሚ መወዛወዝ ማብረድ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ የአሞርዛተሩ ድርሻ ነው። ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ያላየ ሰው የጎጃም ባለሙያዎች ከታች በሚታየው መንገድ ለምን እንደሠሩ አይረዳም፤ ዛሬ በየቤቱ ግቢ ኮይልኦቨር በሚባለው ዕቃ መኪናውን ዝቅ የሚያደርገው ወጣት ምን እያተረፈ ምን እያጣ እንደሆነም አይገባውም።

ከመኪናው በፊት ጎጃም ለመንኮራኩር የተሠራ መንገድ አልነበረውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ የመጣው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ሌላውም ሸቀጥ ዓባይን ተሻግሮ በዛሬዋ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ወደ ነበረው ወደ ባሶ ገበያ የሚደርሰው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ሲሆን፣ የሲራራ ነጋዴው ጭነቱን የሚከፋፍለው እንስሳው በሚችለው ልክ ነበር። ዳገትና ቁልቁለቱ፣ ክረምት ሲገባ የሚያረግደው መረሬ አፈርና ድልድይ አልባዎቹ ወንዞች ጋሪ ለሚባል ነገር ቦታ አልሰጡም። በኋላ በጎጃም የመንገድ ዳር ከተሞች የተለመደው የፈረስ ጋሪ እንኳ የመጣው መንገድ ከተጠረገ ወዲህ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ መኪና በተረፈ አክስልና ጎማ ላይ የተገጠመ፣ ከመኪናው ታሪክ የተወለደ እንጂ የቀደመው አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጧቸውም እንግሊዛዊው ቤንትሊና እርሱን ተከትሎ የደረሰው ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ ነበሩ። በዚያው ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ከመኪናው መምጣት ጋር በዕቅድ የተያያዘ ባይሆንም፣ ለዚህ ታሪክ ግን ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም መኪናው በገጠር መንገድ ላይ ሲሰበር ከማንም በፊት የሚፈለገው ያው ሲናቅ የኖረው ቀጥቃጭ ነበርና። የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች ከሠረገላ የወረሱት ባሌስትራ ነበራቸው። ባሌስትራ ማለት ርዝመታቸው እየቀነሰ የሚሄድ ስስ የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው በመሐል በቡሎን ሲታሰሩ፣ ከሁሉም ረጅሙ ሰሌዳ ደግሞ ጫፎቹ እንደ ጆሮ ተጠቅልለው በሻሲው ላይ በፔርኖ የሚንጠለጠሉበት ደጋን መሰል ሥሪት ነው። በእንግሊዝ አገር ኦባዲያ ኤሊየት ይህን የብረት ደጋን ለሠረገላ በሚስማማ መልክ ሠርቶ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1804 እ.ኤ.አ. ነበር።

መኪና ለጎጃም ከጌጥነት አልፎ የጦርና የንግድ ጉዳይ የሆነው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ወራሪው ጦር ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መስመር ላይ በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ምሽግ ሠርቶ፣ ስንቁንና መድፉን በካሚዮን ያመላልስ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኡም ኢድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ በላያ ሲጓዙ፣ የተከተሏቸው መኪኖች በቆላው ድንጋይና አሸዋ ላይ እየተያዙ ብዙ ችግር ስለፈጠሩ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት ይመራ የነበረው የጌዴዎን ጦር ዋና ጭነቱን በብዙ ሺሕ ግመሎች ላይ አደረገ፤ ከነዚያ ግመሎች አብዛኞቹም ደጋውን ሳያዩ ወይም ደጋው ላይ እንደ ደረሱ አለቁ። በየካቲት መጨረሻ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ የካቲት 27 ቀን ከከተማዋ በስተምዕራብ መንገዱን ይዞ የነበረው፣ የጌዴዎን ጦር አካል የሆነው የቦይል ሻለቃ በቁጥር እጅግ ከሚበልጠው ከዚህ ዓምድ ጋር ተጋጥሞ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ዓምዱ ወደ ደምበጫ አለፈ፤ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ አዘገመ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው። ጦርነቱ ለአገሬው ያሳየው አንድ ነገር ቢኖር ግመልም ካሚዮንም በዚህ መሬት ላይ የሚወድቁት በልዩ ልዩ ምክንያት መሆኑን ነው፤ ግመሉን የሚገድለው ብርዱና ገደሉ ሲሆን፣ ካሚዮኑን ግን የሚጥለው አሸዋው፣ ድንጋዩና የባሌስትራው መሰበር ነው።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የሚውል 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር አገኘ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የጎጃም መስመር ግን ከደጀን ወዲያ ለብዙ ዓመታት ጠጠር፣ ማለትም ነጂዎች ፒስታ የሚሉት ሆኖ ቆየ። የጠጠር መንገድ ጎማ ሲመላለስበት በመንገዱ አግድም የተደረደሩ ትናንሽ ሞገዶችን ያወጣል፤ በእነርሱ ላይ የሚሮጥ ካሚዮን ባሌስትራው በየደቂቃው መቶዎች ጊዜ ይተጣጠፋል፤ ብረትም ቢሆን ከብዙ መተጣጠፍ በኋላ ይደክማል። በዚህ መንገድ ላይ ፊያት 682፣ በተለይም ኤን ትሬ እየተባለ የሚጠራው፣ ነጂዎች የሚተማመኑበት ካሚዮን የሆነው ከሁሉ በፊት በባሌስትራው ጥንካሬና በየትም ቦታ ሊጠገን በመቻሉ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የአምቼ ፋብሪካም የፊያትን የጭነት መኪኖች መገጣጠም ሲጀምር፣ የመለዋወጫውና የሙያው ሰንሰለት ይበልጥ ተጠናከረ።

የባሌስትራ ጥገና ከሩቅ ሲታይ መዶሻ ብቻ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ስሌት ያለበት ሥራ ነው። የረገበውና ደጋንነቱን ያጣው ባሌስትራ ከመኪናው ላይ ይወርድና ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ፤ ባለሙያው እያንዳንዱን ሰሌዳ ጎድጓዳ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ መሐሉ ክፍት በሆነ መስፍ ላይ አጋድሞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣት በጣት እየተራመደ በከባድ መዶሻ ይመታዋል። እያንዳንዱ ምት ብረቱን ጥቂት ብቻ ስለሚያጎብጠው፣ ምቱ ካልተመጣጠነ ሰሌዳው ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፤ ካልገጠመ ደግሞ ጭነቱ በአንድ ነጥብ ላይ ይወድቅና እዚያው ላይ ይሰበራል። ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን ሥራ በእሳት አይሠራውም፤ ባሌስትራ በፋብሪካ እንደ ፍም ግሎ ከተጠለቀ በኋላ እንደገና በልኩ ሞቆ የተገራ ብረት ስለሆነ፣ በከሰል እሳት ቢግል ያን ግራት ያጣና በመጀመሪያው ኩንታል ሥር ተዘርግቶ ይቀራል።

ሌላው የተለመደ ሥራ ሰሌዳ መጨመር ነው። ባለንብረቱ መኪናው ከተሠራበት በላይ መጫን ሲፈልግ አንድ ወይም ሁለት ሰሌዳ ያስጨምራል፤ መኪናው ከፍ ይላል፣ ባዶውን ሲሄድ ግን ይደርቅና ሰውንም ዕቃንም ያንገጫግጫል። እዚህ ላይ ውፍረትና ብዛት አንድ አይደሉም፤ አንድ ሰሌዳ ውፍረቱ በመቶ 10 ቢጨምር ድርቀቱ በመቶ 33 ገደማ ያድጋል፤ ምክንያቱም ድርቀት የሚያድገው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ በሚባዛበት ልክ ነው። መጽሐፍ ሳይከፍቱ ይህን በእጃቸው ያወቁት የመንገድ ዳር ባለሙያዎች፣ ወፍራም ሰሌዳ ከመጨመር ይልቅ ስስ ሰሌዳ መጨመርን የሚመርጡት ስለዚህ ነው። ተጨማሪው ሰሌዳ የሚያስከትለው ጉዳት ግን በባሌስትራው ላይ አያበቃም፤ የተጨመረውን ጭነት ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው አብረው ይሸከሙታል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይህ ጭማሪ ብዙ ጊዜ በሰው ሕይወት ተከፍሏል። ከሁለቱም ወገን ከ1400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ተወርዶ የሚደረስበት ያ በረሃ፣ የባሌስትራ ጥንካሬ የፍሬን ጥንካሬ እንዳልሆነ ያልተረዳ ሰው የሚቀጣበት ቦታ ነው።

ባሌስትራው ተሰብሮ ከአገልግሎት ሲወጣ ታሪኩ ወደ እርሻ ይሻገራል። የብረት ማዕድን ማቅለጥ ከቀረ ወዲህ የጎጃም ቀጥቃጭ ዋና ጥሬ ዕቃ ከመኪና የወጣ ብረት ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የተሰበረ ባሌስትራን የሚያክል የለም። ይህ ብረት በውስጡ ከግማሽ በመቶ የሚበልጥ ካርቦን ስላለው ሲጠለቅ ይጠነክራል፤ በጠፍጣፋነቱም ለማረሻ፣ ለመጥረቢያ፣ ለማጭድና ለቢላ የሚያስፈልገውን ወርድ ይዞ ይገኛል። ቀጥቃጩ የሰሌዳውን ቁራጭ ከሰል ውስጥ ይቀብረዋል፤ ረዳቱ ወናፉን ይነፋል፤ ብረቱ ብርቱካን ሲመስል በጉጠት ወጥቶ መስፍ ላይ ይዘረጋል፤ አንዱ ጫፍ ሾሎ ወደ መሬት ሆድ የሚገባው አፍ ይሆናል፤ ሌላው ጫፍ ደግሞ ከእንጨቱ ጋር በወገል ይታሰራል። በመጨረሻ ሹል ጫፉ ብቻ ውሃ ውስጥ ይጠለቃል፤ ሁለመናው ከተጠለቀ ድንጋይ ሲመታ እንደ ሸክላ ስለሚሰበር፣ ጀርባው ለስላሳ፣ አፉ ጠንካራ እንዲሆን ያስፈልጋል። በጎጃም የሚታረሰው መሬት ስንት ዓመት በባሌስትራ ብረት እንደ ተገለበጠ ያየ ጸሐፊ፣ የመኪናን ታሪክ በነጂዎችና በባለሀብቶች ታሪክ ብቻ ሊወስነው አይችልም፤ በአዋጅ ከስድብ እንዲጠበቅ የታዘዘለት ነገር ግን ንቀቱ ወዲያው ያልቀረለት ባለእጅ፣ የካሚዮኑን ስብራት ወደ አርሶ አደሩ መሣሪያ ሲለውጥ የኖረ ነውና በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋና ቦታ ይገባዋል።

ሞላ፣ ማለትም እንደ ጥምጥም የተጠመጠመው ክብ ብረት፣ በጎጃም መንገድ ላይ የታየው ከባሌስትራ ዘግይቶ ነው፤ በእንግሊዝ ግን ሪቻርድ ትሬድዌል የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1763 እ.ኤ.አ. ነበር። ሞላው በመኪና ላይ ለመስፋፋት የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው። የባሌስትራ ሰሌዳዎች እርስ በርስ ሲፋተጉ መወዛወዙን በራሳቸው ያበርዳሉ፤ አክስሉንም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይይዙታል። ሞላ ግን ክብደት ከመሸከም በቀር ሌላ ሥራ አይሠራም፤ አክስሉን የሚይዙ ዘንጎችና መወዛወዙን የሚያበርድ አሞርዛተር የግድ ይሻል። በዘይት የሚሠራው አሞርዛተር ፒስተን በጠባብ ቀዳዳ በኩል ዘይትን ሲገፋ የመወዛወዙን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሁዳይ በተባለ ፈረንሳዊ የተጀመረው ይህ ሐሳብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ረቀቀ። ኧርል ማክፈርሰን ሞላውንና አሞርዛተሩን በአንድ ቋሚ ምሰሶ ላይ አገናኝቶ፣ ሥሪቱ በእንግሊዝ በተሠሩት የፎርድ መኪኖች ላይ በ1950 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። ፈረንሳዊው ደ ካርቦን የነደፈውን በጋዝ የታመቀ አሞርዛተር ደግሞ ቢልስታይን የተባለው ኩባንያ በ1957 እ.ኤ.አ. ለመርሴዲስ በብዛት ማቅረብ ጀመረ።

በኢትዮጵያ ከተሞች የማክፈርሰንን ሥሪት ከሁሉ በላይ ያስለመደው ቶዮታ ኮሮላ ነው። በተለይ ዲኤክስ የሚባለው ኮሮላ በፊት የማክፈርሰን ምሰሶ፣ በኋላ ደግሞ በአንድ ወጥ አክስል ላይ የተቀመጠ ሞላ ያለው በመሆኑ፣ በቀላሉ የሚፈታና የሚገጠም መኪና ሆኖ ተገኘ። በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ ዲኤክስን አስጊጦ፣ ቸርኬውን ለውጦ፣ ቁመቱን ዝቅ አድርጎ መንዳት የታወቀ ፍቅር ሆነ። ቁመት ለመቀነስ ድሮ የሚደረገው ሞላ መቁረጥ ነበር፤ ይህ መጥፎ ሥራ ነው ማለት ይገባል። ስምንት የሚሠሩ ጥምጥሞች ያሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥበት ቁመቱ ከመቀነሱም በላይ ድርቀቱ በመቶ 14 ይጨምራል፤ አሞርዛተሩ ግን ለቀድሞው ሞላ የተሠራ ስለሆነ አዲሱን ማብረድ አይችልም፤ መኪናው ሲነሣም የተቆረጠው ጫፍ ከመቀመጫው ይለቅቃል።

ኮይልኦቨር ይህን ችግር በአግባቡ ለመፍታት ከእሽቅድድም መኪና የመጣ ዕቃ ነው። አሞርዛተሩ በውጭ በኩል እንደ ቡሎን ጥርስ ወጥቶለት፣ በጥርሱ ላይ የሞላው መቀመጫ የሆነ ቀለበት ይዞራል፤ ቀለበቱ ወደ ታች ሲዞር መኪናው ዝቅ፣ ወደ ላይ ሲዞር ከፍ ይላል፤ በሌላው ዓይነት ደግሞ ቁመት የሚለወጠው ከሥር ባለው ማሰሪያ ስለሆነ የሞላው ቅድመ ጭነት ሳይነካ ይቀራል። ቅድመ ጭነት ማለት መኪናው ክብደቱን ሳያሳርፍበት ሞላው አስቀድሞ የተጨመቀበት መጠን ነው። ይህን ዕቃ በቤት ግቢ የሚገጥም ሰው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በማቆሚያ ብረት ላይ ያሳርፋል፤ ጎማውን ይፈታል፤ የፍሬን ቱቦውን ከምሰሶው ይለያል፤ የታችኞቹን ሁለት ቡሎኖችና በሞተሩ ክፍል ያሉትን የላይ ዳዶዎች ፈትቶ ምሰሶውን በሙሉ ያወጣል። የሚያስፈራው ቦታ አሮጌውን ሞላ ከምሰሶው መለየት ነው፤ የመሐሉ ዳዶ የታመቀውን ሞላ የያዘ ስለሆነ፣ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር ከተፈታ የሰው አካል ሊያጠፋ በሚችል ኃይል ይወረወራል። አዲሱ ከገባ በኋላም ሥራው አያልቅም፤ የጎማ ቦኮላ ያላቸው ቡሎኖች የሚጠበቁት መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ በአየር ላይ ከተጠበቁ ቦኮላው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ቁመት ሲለወጥ የጎማው ዘንበል ማለትና አቅጣጫም ስለሚለወጥ አላይመንት የግድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለአስፋልት ነው። መኪናው 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ጎማው ወደ ላይ የሚጓዝበት ክፍት ቦታ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የቀረው ጉዞ አጭር ስለሆነም ሞላው የግድ መድረቅ አለበት፤ ያ ድርቀት ደግሞ ኮረኮንች ላይ ወደ ሻሲውና ወደ ተሳፋሪው ወገብ ይተላለፋል። ስለዚህ የአዲስ አበባው ወጣት ሲያወርድ፣ በጎጃም ከተሞች ቪትዝና ኮሮላ የገዛ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ከሞላው በላይ ስፔሰር፣ ማለትም ወፍራም ማስነሻ፣ አስገብቶ መኪናውን ያስነሣል። ሁለቱም ከአንድ ሕግ አያመልጡም፤ ቁመት ሲለወጥ ሌላው ክፍል ዋጋውን ይከፍላል። የማስነሻው ብረት ሲገባ የዘንጉ ማጠፊያ ከልኩ በላይ ስለሚዘም፣ የዘይት ጎማው ይቀደዳል፤ ቴስቲና የሚባለው መጋጠሚያም ቶሎ ይላላል። በዚህ ረገድ የመንገዱን ጠባይ አስቀድሞ ቆጥሮ የሚነሣው የጎጃም ልማድ ከከተማው ፋሽን የበለጠ ክብር የሚገባው ቢሆንም፣ በጭፍን ከፍ ማድረግም በጭፍን ዝቅ ከማድረግ የተሻለ አይደለም።

ደምበጫ ውስጥ የኮይልኦቨር ዘመድ የሚታየው ማንም ባላስተዋለው ቦታ፣ በሞተር ብስክሌት ላይ ነው። የሞተር ብስክሌት የኋላ አሞርዛተር ሞላው በላዩ ላይ የተጠመጠመ ስለሆነ በሥሪቱ ከእሽቅድድም መኪናው ዕቃ ጋር አንድ ነው። ባለሁለት አሞርዛተሮቹ ሞተሮች ላይ ከሞላው ሥር እንደ ደረጃ የተቀረጸ ቀለበት አለ፤ በማጭድ ቅርጽ በተሠራች መፍቻ አንድ ደረጃ ሲዞር ሞላው ጥቂት ይጨመቃል። ብቻውን የሚሄድ ነጂ በዝቅተኛው ደረጃ፣ ሁለት ሰውና ግማሽ ኩንታል እህል የሚጭን ደግሞ በከፍተኛው ደረጃ ያደርገዋል፤ ሁለቱንም አሞርዛተሮች እኩል ካላደረገ ግን የኋላው ክንድ ይጠማዘዛል። ባጃጁም በፊት ጎማው ላይ ሞላና አሞርዛተር ይዞ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ኮረኮንች ሲገባ የሁለቱን ሥራ በየዕለቱ ያሳያል።

በ1989 ዓ.ም. በተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ውስጥ የጎጃም መስመር አስፋልት ለበሰ፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. በጃፓን ዕርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ህዳሴ ድልድይ ተመረቀ። አስፋልቱ የባሌስትራን ዕድሜ አራዘመ፤ ፍጥነትን ግን ስለጨመረ አሞርዛተሩ ከቀድሞው ይልቅ የደኅንነት ዕቃ ሆነ፤ የሞተ አሞርዛተር ያለው መኪና በከፍተኛ ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ ጎማው መሬት እየለቀቀ ስለሚዘል ርቆ ነው የሚቆመው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከባትሪያቸው የተነሣ ከአቻዎቻቸው የከበዱ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በሞላ የቆሙ ናቸው። ሞላ ሲሰበር ግን ለጎጃም ቀጥቃጭ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ክብ ብረቱ ተዘርግቶ መሮ ወይም የድንጋይ መፈልፈያ ይሆን ይሆናል እንጂ ለማረሻ የሚበቃ ወርድ የለውም። እህሉን የሚጭነው አይሱዙ፣ በእርሱ ሻሲ ላይ የተሠራው ቅጥቅጥ አውቶቡስና አባዱላ የሚባለው ሚኒባስ በኋላ አክስላቸው ግን ዛሬም በባሌስትራ ላይ ስለሚቆሙ፣ ቀጥቃጩ የሚፈልገው ሰሌዳ አሁንም ከጋራዥ ወደ ገበያ ይወጣል።